ኪነ ጥበብን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግ፡ ከሕግ ድንጋጌ እስከ ወረዳ መድረክ

ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ኪነ ጥበብ ከሕዝቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። በሠርግ የማሲንቆ ዜማ፣ በጥምቀትና በመስቀል ወረብና ሆታ፣ በአጨዳና በደቦ የሥራ ዘፈን፣ በለቅሶ ደግሞ የሙሾ ግጥም ይሰማል። ሰው ደስታውንም ኀዘኑንም ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈለው በእነዚህ አጋጣሚዎች በመሆኑ፣ ከእነርሱ መገለል መዝናኛን ብቻ ማጣት ሳይሆን ከማኅበረሰቡ አባልነት መጉደል ማለት ነው።

አካል ጉዳተኞች በዚህ ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ በተመልካችነትም ሆነ በከያኒነት ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ማድረግ በሀገሪቱ ሕጎች የተደነገገ ግዴታ ነው። ይሁንና ግዴታው በተግባር የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሳይሆን በወረዳ የባህል አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በወጣት ማዕከልና በበዓል አደባባይ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው በየደረጃው ያሉ የባህል፣ የትምህርት፣ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የግንባታና የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶችን ነው።

የሕግ መሠረቱ

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ አንቀጽ ሥር አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 41 በንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ሲደነግግ፣ በንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት ሰጥቶታል። ሁለቱ ንዑስ አንቀጾች በተለያዩ ቢሮዎች ዕቅድ ውስጥ ተለያይተው ይገኙ እንጂ በሕጉ ጎረቤታሞች ናቸው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጉዳዩን የበለጠ ያብራራዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃ የሀገሪቱ ሕግ አካል አድርጋዋለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ስለ ባህላዊ ሕይወት ተሳትፎ ሲደነግግ በአራት ነጥቦች ላይ ያተኩራል። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኞች የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን፣ ፊልሞችን፣ ትያትሮችንና ሌሎች የባህል ሥራዎችን ለእነርሱ በሚመች መልክ የማግኘት፣ እንዲሁም ትያትር ቤቶች፣ ሙዚየሞች፣ ቤተ መጻሕፍትና የቱሪስት መስህቦች ወዳሉበት የመግባት መብት አላቸው። ሁለተኛ፣ የፈጠራና የኪነ ጥበብ ችሎታቸውን የማዳበርና የመጠቀም ዕድል ሊያገኙ ይገባል፤ ይህም ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡንም ለማበልጸግ መሆኑን ስምምነቱ በግልጽ ያመለክታል። ሦስተኛ፣ የአእምሯዊ ንብረት ሕጎች ተገቢ ያልሆነ እንቅፋት እንዳይሆኑባቸው መንግሥታት ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። አራተኛ፣ የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል ዕውቅናና ድጋፍ ሊያገኙ ይገባል።

ሦስተኛውን ነጥብ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2013 በሞሮኮ ማራካሽ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ተጠቃሽ ነው። ይህ ስምምነት የታተሙ ጽሑፎችን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን በብሬይል፣ በድምፅ ወይም በትላልቅ ፊደላት ለማባዛት በየጊዜው የደራሲውን ወይም የአሳታሚውን ፈቃድ መጠየቅ እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃዋለች።

ከሥራ ቅጥር አንጻር አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረግ ልዩነትን ይከለክላል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን ምቹ ሁኔታ እንዲያሟላ ያዝዛል። የባህል ቡድን አባላትን ወይም የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችን በደመወዝ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ከዚህ አዋጅ ውጪ ሊሆን አይችልም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጎ ወጥቷል። የባህል አዳራሽ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ መሆኑ አጠያያቂ አይደለም።

ስንት ሰው እንደሚመለከት ማወቅ

የአንድ ዕቅድ መነሻ ቁጥር ነው። በአካል ጉዳት ላይ የሚቀርቡ ቁጥሮች ግን እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው በአግባቡ ሊጤኑ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ሆነው የተመዘገቡትን ከመቶ ሰው አንድ ያህል ብቻ አድርጎ ነበር ያሳየው። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዓለም አቀፍ ሪፖርት የኢትዮጵያን 17.6 በመቶ አድርሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት እንዳለበት ተገልጿል።

ልዩነቱ የሚመነጨው በአመዛኙ ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪው ቤት ለቤት ሄዶ "በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል። አንዳንዱ በሐፍረት ይደብቃል፤ ሌላው ደግሞ ዓይናቸው የደከመ አዛውንትን ወይም ጆሮው የከበደ ልጅን አካል ጉዳተኛ ብሎ አያስብም። ስለዚህ በአሁኑ ወቅት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው አሠራር ስያሜውን ትቶ ስለ ተግባር መጠየቅ ነው። ይኸውም ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራስን ለመንከባከብና ከሌሎች ጋር ለመግባባት ምን ያህል ችግር እንዳለ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎችን ማቅረብ ነው።

ይህ አሠራር ለዳባት እንግዳ የሚሆን አይመስልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪዎችን እንቅስቃሴ የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ሲሠራ ቆይቷል። ቤት ለቤት እየተጠየቀ የመመዝገብን ጥቅም የሚያውቅ ማኅበረሰብ ባለበት አካባቢ፣ የቀበሌ አስተዳደሮችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስድስቱን ጥያቄዎች በመደበኛ ሥራቸው ውስጥ ቢያካትቱ ለባህል ጽሕፈት ቤቱም ጠቃሚ መረጃ ይሆናል።

የቁጥሩ ልዩነት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 300 መቀመጫ ያለው አዳራሽ በአንድ በመቶ ስሌት ቢታቀድ ሦስት ሰዎችን ብቻ ታሳቢ ያደርጋል። በ16 በመቶ ስሌት ግን 48 ሰዎችን ማሰብ ያስፈልጋል። ሦስት ሰው በትብብር ተደግፎ ሊገባ ይችላል፤ 48 ሰው ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

በአካባቢው ለጉዳዩ ክብደት የሚሰጡ ተጨማሪ ምክንያቶችም አሉ። ትራኮማ በአማራ ክልል የዓይን ብርሃን ከሚያሳጡ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከዚህም ሌላ በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ ጦርነቱ በወረዳው ጭና አካባቢ ደርሶ በሰላማዊ ነዋሪዎች ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ይታወቃል። ጦርነት በደረሰበት ሁሉ አካላቸው የጎደለና ሥነ ልቡናቸው የተጎዳ ሰዎች ይኖራሉ። ለእነዚህ ወገኖች ዜማ፣ ግጥምና ትያትር ኀዘንን ከሌላው ጋር የመካፈያ መንገድ በመሆናቸው የኪነ ጥበብ ተደራሽነት ከመልሶ ማቋቋም ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

የባህሉ ብርታትና ድክመት

በጎንደርና በአካባቢው ያለው ጥንታዊ ባህል ለአካል ጉዳተኞች በር የከፈተባቸውም የዘጋባቸውም ጎኖች አሉት።

በብርታት ከሚጠቀሱት ቀዳሚው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ዜማም ሆነ ቅኔ በአመዛኙ የሚተላለፈው በቃል ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በኅሊናው ቆጥሮ፣ ሰምና ወርቁን አስማምቶ በመምህሩ ፊት ይዘርፋል እንጂ ጽፎ እንዲያቀርብ አይገደድም። በዚህ ምክንያት ዓይነ ስውራን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ጀምሮ በዚህ መስክ እስከ መምህርነት ሲደርሱ ኖረዋል። ከእነዚህም መካከል በምሥራቅ ጎጃም ተወልደው በሕፃንነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩ ተጠቃሽ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ ሊቅ በቅኔ፣ በትርጓሜና በመጻሕፍት ደራሲነት ከፍተኛ ስም አትርፈዋል። ለዓይነ ስውሩ ተማሪ የተለየ ሥርዓተ ትምህርት አልተቀረጸለትም፤ የማስተማሪያው ዘዴ ራሱ እርሱን የማያገልል ነበር። ተደራሽነት ከመነሻው ሲታሰብ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ መሆኑን ይህ ነባር ልምድ ያሳያል።

ሁለተኛው እስክስታ ነው። የአማራ ሕዝብ ጭፈራ ዋና መገለጫው የትከሻ፣ የአንገትና የደረት እንቅስቃሴ ነው። ስለሆነም በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በክራንች የሚንቀሳቀስ ሰው የጭፈራውን እምብርት ሳያጎድል ሊሳተፍ ይችላል። የእግር አጣጣልን ብቻ መመዘኛ አድርጎ አካል ጉዳተኛን ከባህል ቡድን ምልመላ ማስቀረት በጭፈራው ባሕርይ እንኳ የሚደገፍ አይደለም።

ሦስተኛው አቋቋም ነው። ለአቋቋም ምስክርነት ስሟ በሚጠራው በጎንደር በዓታ በተጠበቀው በዚህ ሥርዓት ከዜማው ጋር መቋሚያ በኅብረት ይዘመማል፤ ከበሮም ይመታል። የመቋሚያው ውዝዋዜ ለዓይን፣ የከበሮው ንዝረት ደግሞ ለእጅና ለእግር የሚደርስ በመሆኑ መስማት የተሳነው ሰው ከዜማው የሚቀርበት ቢኖርም ከምቱና ከሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ የራቀ አይሆንም። መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች ምት ለማስተማር ከበሮን በእጅ እንዲዳስሱ ወይም በጣውላ ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን እንዲቆሙ ማድረግ ይቻላል።

በድክመት በኩል ከሚነሱት አንዱ በሽታንና አካል ጉዳትን ከእርግማን ወይም ከኃጢአት ጋር የማያያዝ አመለካከት ነው። ላሊበላ ወይም ሐሚና በመባል የሚታወቁት አዝማሪዎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት፣ ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ከሚል የቆየ እምነት ጋር ተያይዞ እንደሆነ በተመራማሪዎች ተጽፏል። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድንና ከዘር የማይወረስ በሽታ ነው። ዜማው የሀገር ቅርስ ሆኖ ሊጠበቅ ሲገባው፣ በዜማው ላይ የተጫነው ፍርሃትና መገለል ግን ሊቀር ይገባል።

ሌላው ድክመት በተረቶች፣ በቀልዶችና በአንዳንድ ድራማዎች የሚታየው አቀራረብ ነው። አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ በብዛት ወይ ለማኝ፣ ወይ መሳቂያ፣ ወይ ለሌላው ትምህርት የተቀጣ ሰው ሆኖ ይቀርባል። ሥራ ያለው፣ የሚቆጣ፣ የሚያፈቅር፣ የሚሳሳትና የሚወስን ሰው ሆኖ የሚታይበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። አዳራሹ መወጣጫ ቢሠራለትም በመድረኩ ላይ የሚቀርበው ድራማ የሚያዋርደው ከሆነ ተመልካቹ ሁለተኛ አይመለስም።

ከሌሎች የተገኘ ተሞክሮ

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1996 ጎዳና ላይ ይኖሩ የነበሩ ልጆችን በማሠልጠን የተጀመረው አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስና ትያትር ቡድን በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሥራ ሠርቷል። በእንግሊዝ ሀገር አካል ጉዳተኞችንና ሌሎች ዳንሰኞችን ያጣመረውን ካንዱኮ የተባለ የዳንስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1991 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከቡድኑ ወጣቶች ጋር ሠርቷል። ከዚህም አዱኛ ፖቴንሻልስ የተባለ አካል ጉዳተኞችና አካል ጉዳት የሌለባቸው ዳንሰኞች አብረው የሚጫወቱበት ቡድን ተፈጠረ። ከአዱኛ የወጡት አዲሱ ደምሴና ጁናይድ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2009 ዴስቲኖ በተሰኘ ሥራ በለንደኑ የሳድለርስ ዌልስ ትያትር ቤት የቀረቡ ሲሆን፣ በኋላም በዚሁ ስም ቡድን አቋቁመው ሥልጠናውን ቀጥለዋል።

የዚህ ተሞክሮ ዋና ትምህርት በአሠለጣጠኑ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር አሠልጣኙ አንድ እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ሠልጣኙም ያንኑ ይደግማል። መድገም ያልቻለ ይወድቃል። በአካታች አሠራር ግን አሠልጣኙ የሚፈልገውን ሐሳብ፣ ለምሳሌ መነሣትን፣ መጣልን ወይም መገናኘትን ይናገርና እያንዳንዱ ሠልጣኝ በራሱ አካል እንዲገልጸው ያደርጋል። ከዚያም እነዚያን እንቅስቃሴዎች አቀናጅቶ አንድ ሥራ ይሠራል። በዚህ መንገድ ጉዳቱ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የሥራው አንድ ግብዓት ይሆናል።

በአማራ ክልልም ሰርከስ ደብረ ብርሃን አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በአባልነት በማቀፍ ከሌሎች ጋር በአንድ ትርዒት እንዲቀርቡ በማድረግ ይታወቃል። ሰርከስ ከሁሉም በላይ የአካል ብቃት የሚጠየቅበት ጥበብ መሆኑ ሲታሰብ፣ በዚያ የተቻለው በወረዳ ትያትርና ሙዚቃ ክበብ አይቻልም ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አይኖርም።

ከሌላው የአፍሪካ ክፍል ደግሞ የኪንሻሳው ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ ምሳሌ ይሆናል። አብዛኞቹ መሥራቾቹ በልጅነት ልምሻ እግራቸው የተጎዳ የጎዳና ሙዚቀኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት አልበምና በቀጣዩ ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየው ስለ እነርሱ የተሠራ ፊልም በዓለም አቀፍ ደረጃ አሳውቋቸዋል። ከቡድኑ ወጣቶች አንዱ ከባዶ ጣሳና ከአንድ ሽቦ የሠራው ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የሙዚቃቸው ልዩ መለያ ሆኖ ነበር። ማሲንቆ ላለበት አካባቢ ይህ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። አንድ እጁ በሚፈለገው መጠን ለማይታዘዝለት ሰው የማሲንቆውን ደጋን ከክንዱ ጋር በቆዳ ማሰሪያ ማያያዝ፣ ወይም ክራሩን በእንጨት ማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ የአካባቢው አናጢና ቆዳ ሠሪ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

በወረዳ ደረጃ ሊሠራ የሚችለው

ተደራሽነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰማው ምላሽ የበጀት እጥረት ነው። ከሚያስፈልጉት ተግባራት መካከል በእርግጥ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚጠይቁት ቅድመ ዝግጅትን ነው።

መግቢያን በተመለከተ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ በተለምዶ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ባለው ተዳፋት ይሰላል። ይህም ማለት እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ያሉት በር በድምሩ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከዚህ አጥሮ የሚሠራ መወጣጫ ለፎቶግራፍ እንጂ ለአገልግሎት አይሆንም። መወጣጫው እስከ አዳራሹ በር ብቻ ሳይሆን እስከ መድረኩና እስከ መልበሻ ክፍሉ መድረስ ይኖርበታል። መድረኩ የማይደረስበት አዳራሽ አካል ጉዳተኛውን ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዲቀር ይወስንበታል።

መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሲመደብ ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አስተርጓሚው ብርሃን በሚያገኝበትና መድረኩ በሚታይበት ጎን መቆም አለበት፤ ተመልካቾቹም በዚያው ጎን ከፊት እንዲቀመጡ ቦታ ይያዝላቸዋል። የዝግጅቱ ጽሑፍ ደግሞ ቢያንስ ከጥቂት ቀናት በፊት ለአስተርጓሚው ሊደርሰው ይገባል። ይህ በተለይ ለግጥም፣ ለፉከራና ለአዝማሪ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ነው። ሰምና ወርቅ ያለውን ስንኝ በድንገት የሰማ አስተርጓሚ ሰሙን ተርጉሞ ወርቁን ይጥላል፤ አዳራሹ ሲስቅ መስማት የተሳነው ተመልካች ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ ይቀራል።

ከዚሁ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው በገጠር የሚኖሩና ትምህርት ቤት ያልገቡ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ያልተማሩ መሆናቸው ነው። እነርሱ የሚግባቡት በቤተሰባቸው ውስጥ በፈጠሩት ምልክት ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ መመደቡ ብቻውን በቂ አይሆንም። ታሪኩን በእንቅስቃሴ፣ በፊት ገጽታ፣ በአልባሳትና በሥዕል የሚያስረዳ አዘገጃጀት ያስፈልጋል።

ለዓይነ ስውራን የትያትሩን እንቅስቃሴ በንግግሮች መካከል በሚገኘው ዝምታ በአጭሩ የሚያስረዳ ገላጭ መመደብ ይቻላል። መሣሪያ ከሌለ ገላጩ በአንድ ወገን ከተቀመጡት ዓይነ ስውራን አጠገብ ሆኖ በለሆሳስ ሊያስረዳ ይችላል። ከትርዒቱ በፊት አልባሳቱን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹንና የመድረኩን ስፋት በእጃቸው እንዲዳስሱ ሩብ ሰዓት መስጠት ለመረዳት ከፍተኛ እገዛ ያደርጋል። በዐውደ ርእይና በሙዚየም ደግሞ "መንካት ክልክል ነው" የሚለው ማሳሰቢያ ለሸክላ፣ ለስፌትና ለእንጨት ሥራ ቅጂዎች ሊላላ ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከማራካሽ ስምምነት መንፈስ በመነሣት በፈቃደኛ መምህራንና ተማሪዎች ንባብ መጻሕፍትን በድምፅ የማዘጋጀት ሥራ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ጋር በመተባበር ሊጀምሩ ይችላሉ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸውና ከፍተኛ ድምፅ ለሚያውካቸው ልጆች የድምፅ ማጉያውን መጠን መቀነስ፣ መብራቱን ሙሉ በሙሉ አለማጥፋትና መውጣትና መግባትን እንደ ጥፋት አለመቁጠር ይበቃል። ይህ ምንም ዓይነት ወጪ የለውም።

ማስታወቂያም የተደራሽነት አካል ነው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ለዓይነ ስውሩ፣ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ጥሪ ደግሞ መስማት ለተሳነው አይደርስም። ሁለቱንም መጠቀም፣ በተጨማሪም በእድር፣ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመስጊዶችና በትምህርት ቤቶች በኩል መልእክቱን ማስተላለፍ ተገቢ ይሆናል። በማስታወቂያው ላይ መወጣጫና አስተርጓሚ መኖሩ ካልተገለጸ ተጠቃሚው የለም ብሎ ይቀራል፤ ኃላፊውም "አዘጋጅተን ማንም አልመጣም" ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይደርሳል።

ከተመልካችነት ወደ ባለሙያነት

ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን በየዓመቱ ኅዳር 24 ቀን ይከበራል። በዚህ ዕለት አካል ጉዳተኛ ድምፃውያንና ገጣሚዎች መድረክ ላይ መውጣታቸው የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው ኅዳር 25 ቀን የት ናቸው የሚለው ነው። በጥምቀት፣ በሌሎች ሕዝባዊ በዓላት፣ በባዛርና በትምህርት ቤቶች የባህል ሳምንት ከሌሎች ጋር እኩል ተወዳድረው ካልቀረቡ ተሳትፏቸው የአንድ ቀን እንግድነት ሆኖ ይቀራል።

ክፍያውም እንደዚሁ ነው። የባህል ቡድን አባል ውሎ አበል ሲከፈለው፣ ለአካል ጉዳተኛው ከያኒ ግን ጭብጨባና የምስክር ወረቀት ብቻ መስጠት በጎ አድራጎት ሊመስል ይችላል፤ በሕግ ሲታይ ግን ልዩነት ማድረግ ነው። ማሲንቆ፣ ሽመና፣ ስፌት፣ ሸክላና ሥዕል ወደ ሰሜን ተራሮች በሚያልፈው ጎብኚ ዘንድ ገበያ ያላቸው ሙያዎች ናቸው። አካል ጉዳተኞች በእነዚህ ሙያዎች ሠልጥነው በማኅበር እንዲደራጁና የመሸጫ ቦታ እንዲያገኙ ማድረግ የኪነ ጥበብም የሥራ ዕድል ፈጠራም ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ወረዳው ብቻውን አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶና በፊዚዮቴራፒ ትምህርት የካበተ ልምድ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኝነት ላይ ያተኮረ የትብብር ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። በአቅራቢያው ደግሞ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው፣ የአካል ጉዳተኞችና በሥጋ ደዌ የተጠቁ ሰዎች ብሔራዊ ማኅበራትም ሙያዊ ምክር ለመስጠት የተሻለ ዕውቀት ያላቸው ተቋማት ናቸው። መወጣጫው የት ይሁን፣ አስተርጓሚው የት ይቁም፣ ድራማው ምን ይበል የሚሉት ጥያቄዎች ከማንም በፊት ለእነርሱ ሊቀርቡ ይገባል።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ዕቅድ የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ነው። አንድ የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ለቀጣዩ ዓመት ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ለእያንዳንዱ ዝግጅት አራት ጥያቄዎችን ቢጨምር ትልቅ ለውጥ ያመጣል፡ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው እስከ መድረኩ ይደርሳል ወይ? የማይሰማ ሰው ይረዳዋል ወይ? የማያይ ሰው ይከታተለዋል ወይ? ከአቅራቢዎቹ መካከል አካል ጉዳተኛ ባለሙያ አለ ወይ? ምላሹ የለም ከሆነ ምክንያቱና የሚስተካከልበት ጊዜ በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ ያስፈልጋል። የአፈጻጸም ሪፖርትም በእነዚሁ አራት ጥያቄዎች ሊመዘን ይችላል።

መወጣጫ የሌለውን አዳራሽ ግንባታው ካለቀ በኋላ ማስተካከል ሁልጊዜም ከመነሻው አስቦ ከመገንባት የበለጠ ወጪ ይጠይቃል። የሰው ተሰጥኦም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ "አትችልም" ተብሎ ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ የተመለሰ ተማሪ ከሃያ ዓመት በኋላ በአዋጅ ሙዚቀኛ አይሆንም። በመሆኑም በዳባትም ሆነ በሌሎች ወረዳዎች ያሉ ኃላፊዎች በእጃቸው ያለውን ሕግ ከሚቀጥለው ዝግጅት ጀምሮ ሥራ ላይ ማዋል ይጠበቅባቸዋል።